ሰፈፍ ይዛ የምትመጣው ልጅ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍ ገዛሁ። አንዱን እሽግ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ባሸትተው ላምባ ላምባ አለኝ። ሻጪቱ ልጅ እግር ናት፤ ሳቀችብኝ። «አባባ፣ ጧፍ ይበራል እንጂ ይሸተታል እንዴ?» አለች። ሒሳቧን ከፍዬ መንገዴን ቀጠልሁ። ግን እስከ ፋሲሎ ሰፈር ድረስ በእግሬ ስሄድ፣ ባጃጁ ሁሉ ከኋላዬ ጥሩንባ እየነፋ፣ አፍንጫዬ የሚፈልገው ሌላ ነበር። እውነተኛ ሰም ሙቅ ውሃ ሲነካው የሚሰጠውን ሽታ ነበር የሚፈልገው። ማር፣ ጢስ፣ ትንሽ ደግሞ ጌሾ።

ጌሾ ያልሁት እንዲያው አይደለም። እናቴ ጧፍ የምትሠራበት ሰም ከጠጅ ቤት የሚመጣ ሰም ነበር።

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም፣ እሷም ሳትሰማው ሞተች። ለንስሐ አባቴ ግማሹን ነው የነገርኋቸው። ግማሽ ንስሐ ደግሞ ንስሐ አይደለም። አሁን ሰባን ካለፍሁ ቆየሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሌም የልጅ ፊደል ነው። ቢሆንም እኔው ልጻፈው ብያለሁ። የምታነበው ልጄ፣ ሽማግሌ ሲጽፍ ይንዛዛል፤ ታገሠኝ።

ቤታችን ከሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከሚያበቃበት ላይ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ሆቴል ቆሟል፤ ሰዎች ፎቶ ይነሱበታል። ያኔ ሦስት የሣር ቤቶችና የእኛ የቆርቆሮ ቤት ብቻ ነበሩ። ጧት ጧት ፀሐዩ ከውሃው ላይ ተንጸባርቆ በበራችን ስንጥቅ ይገባና ግድግዳው ላይ ይወዛወዝ ነበር። እናቴ ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ በቀር ልጅ የሌላት ሴት ናት። ጧፍ ሠርታ ለየደብሩ ታስረክባለች፤ በደሴቶቹ ያሉት ገዳማት ሳይቀሩ በታንኳ ሰው እየላኩ ያስወስዱ ነበር። ስታስረክብ አንዲት ጧፍ እንኳ ብትጎድል፣ ፀሐይም ቢሆን ዝናብም ቢሆን ተመልሳ ሄዳ የምትሞላ ሴት ነበረች። ይህን ልብ በልልኝ።

ሰፈፍ ታውቃለህ? ጠጅ ሲጣል ማሩ ከነሰሙ ነው የሚበጠበጠው። ማሩ ውሃው ውስጥ ሲሟሟ ሰሙ ከላይ ይንሳፈፋል። ጠጅ ጣይዋ ያንን ገፍፋ ትጥለዋለች፤ እሱ ነው ሰፈፍ። እናቴ ከጠጅ ቤት ጓሮ ትለቅመዋለች። ታፈላዋለች፣ በጨርቅ ታጠልለዋለች። ቆሻሻው ወደ ታች ይዘቅጥና ሰሙ ከላይ እንደ ድፎ ክብ ሆኖ ይረጋል። ከዚያ ፈትሉን ከግድግዳ ግድግዳ ወጥራ፣ ሰሙን በሙቅ ውሃ አለስልሳ፣ በመዳፏ እያሻሸች ታለብሰዋለች። እጆቿ ዓመቱን ሙሉ ቢጫ ነበሩ።

ሃያ ሦስት ወይ ሃያ አራት ዓመት ሲሆነኝ፣ የደርግ ጊዜ ነው፣ ጉልበቷ እምቢ አላት። ከጠጅ ቤቱ ጓሮ ተሸክማ መምጣት አቃታት። እኔ ወደብ ላይ ጭነት አውራጅ ነበርሁ፤ ላምጣልሽ ማለት ይገባኝ ነበር። አላልሁም። ሰፈፍ ተሸክሜ መንገድ ላይ መታየት አሳፈረኝ። ሰፈፉ በሌላ ሰው እጅ መጣ።

አንድ ጧት ከአጥሩ በር ላይ አንዲት ልጅ ቆማ አየሁ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። የእናቴን ሰፈፍ በባልዲ ይዛለች፣ ነጠላዋ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። የጠጅ ቤቱ አሳላፊ ናት፤ አውቃታለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርሌ ታቀርብልን ነበር። ከአንበሳሜ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ናት። በልጅነቷ ድረዋት ከባሏ ቤት ጠፍታ ስትመለስ፣ ቤተሰቦቿ ከእንግዲህ ልጃችን አይደለሽም ብለው በር ዘግተውባታል። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት።

አጥሩን አላለፈችም። ባልዲውን እዚሁ ላስቀምጥልዎት ወይ ብላ ጠየቀች። እናቴ ከውስጥ ሆና «ግቢ እንጂ፣ አጥሩ ይነክሳል?» አለቻት።

ገባች። በሳምንቱ ደግሞ መጣች። በሦስተኛው እናቴ ጫፏን ያዢልኝ ብላ ፈትል አስያዘቻት። ከዚያ ወዲያ የጠጅ ቤቱ ሥራ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጧት ጧት እኛ ቤት ነበረች።

እናቴ ቁጡ ናት። ልጅቱ የመጀመሪያዋን ጧፍ ስታሻሽ ወፍራምና ጠማማ አደረገችው። እናቴ አንሥታ አየችውና «አሁን ይህ ጧፍ ነው ወይስ ጅራፍ?» አለች። ልጅቱ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ሰሙ ከንፈሯ ላይ ቀረ። «እማማ፣ እርስዎ ካልተቆጡ ሰሙም አይቀልጥልዎት» አለቻት። እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ተኝቼ ስሰማ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ።

ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ከጸሎትና ከሥራ በቀር የማታውቅ ለመመንኮስ ጥቂት የቀራት፣ አንዷ ሰካራም ሁሉ የሚጠራት። ምን እንደሚያወሩ እገረም ነበር። አንድ ቀን እናቴ ከእኔ በፊት ስለ ወለደቻት ሴት ልጅ ስትነግራት ሰማሁ፤ በኩፍኝ ስለሞተችው። ለእኔ አንድም ቀን አልነገረችኝም። ሰሙን እያለሰለሰች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ፀጉሯ እንዴት እንደነበረ ነገረቻት። ልጅቱ ሰማችና «ዛሬ ብትኖር በእኔ ዕድሜ ናት?» አለች። እናቴ ቆጥራ «ትበልጥሻለች» አለቻት።

ልጅቱ የወር አበባዋ በመጣ ቀን ሰሙን አትነካም ነበር። ማንም አላስተማራትም። ዛሬ ውሃ ልቅዳ ትላለች፣ እናቴም ይገባትና እንስራውን ታቀብላታለች። የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው፣ ትፈራለች። ቤተ ክርስቲያን ግን ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ነበር የምትሳለም። የጠጅ ቤት ሴት ነኝ፣ በምን አፌ እገባለሁ ትል ነበር። እናቴ ገፋ አድርጋ ጠየቀቻት፣ የልጅቱ ምኞት አንዲት ሆና ተገኘች፦ ከጠጅ ቤት ወጥታ፣ ንስሐ ገብታ፣ አንድ ቀን መቁረብ። ግን ከዚያ ወጥታ የምትገባበት ቤት የላትም። የምትጠራበት ሰው የላትም።

የእናቴ የማርያም ማኅበርተኞች አጉረመረሙ። አንዷ፣ አፈ ስለታም ነበረች፣ ጽዋው እኛ ቤት በዋለ ቀን በሰው ፊት እናቴን «የጠጅ ቤት እጅ የነካው ጧፍ እንዴት ታቦት ፊት ይበራል?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ዳቦ እየቆረሰች ነበር። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«ሰፈፉስ ከየት የመጣ መሰለሽ? ሃያ ዓመት ስታበሪው የኖርሽው ሰካራም የጠጣው ማር ሰም ነው። እግዜር አልመለሰብኝም፤ አንቺ ልትመልሺብኝ ነው?»

ሴትዮዋ ጽዋዋን ጠጣች። ያን ቀን በእናቴ ኮራሁ። ልደብቅህ አልፈልግም፤ ለአንድ ቀን ኮርቼባት ነበር።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከወደብ ጓደኞቼ ጋር ጠጅ ቤት ገባን። ሦስት ብርሌ ጠጥቻለሁ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ጠጅ ያበራዋል፣ ዝንቡ ያንዣብባል። ልጅቱ አራተኛውን ይዛ መጣች። እጇን ያዝሁ። ያዝሁ ስልህ እንደ ወንድም አይደለም። ወደ እኔ ሳብኋት፤ የማልጽፈውን ቃልም አልኋት። ጓደኞቼ ጠረጴዛ እየመቱ ሳቁ።

ጧት ከእናቴ ጋር ፈትል ስትወጥር ያረፈደች እጅ ናት። ሰሙ ከጥፍሯ ሥር አልወጣም ነበር፤ አየሁት። እያየሁት አልለቀቅሁም።

አልጮኸችም። ብርሌውን በነጻው እጇ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «ልቀቀኝ። ለእሳቸው ስል ዝም እላለሁ» አለችኝ። ለቀቅሁ።

ሰኞ ጧት እንደ ልማዷ ባልዲዋን ይዛ መጣች። እንደምን አደርህ አለችኝ፣ እንደ ወትሮው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ፊት ቁጭ ብላ ስትስቅ ባየኋት ቁጥር፣ አሁን ትናገራለች እያልሁ አንገቴ ይግል ነበር። አልተናገረችም። ባልተናገረች ቁጥር ደግሞ ጠላኋት። ሰው የበደለውን ይጠላል፤ የበደለው ሰው ሲታገሠው ደግሞ ብሶ ይጠላል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከራሴ አየሁት።

በክረምት እናቴ ታመመች። ወር ሙሉ ተኛች። ልጅቱ ከሰዓት ጠጅ ቤት እያሳለፈች፣ ማታ እኛ ቤት እያደረች፣ እናቴን ስታጥብ፣ ጉልበቷን በሞቀ ሰም ስታሽ፣ ደብሮቹ ያዘዙትን ጧፍ ብቻዋን ስትሠራ ከረመች። እኔ ወደብ ነበርሁ። እናቴ ስትድን የንስሐ አባቷን አስጠራች፤ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ተማከሩ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጠራችኝ። ትራሱ ላይ ቀና ብላ፣ ፊቷ ከስቶ፣ ዓይኗ ግን ያበራል።

«በዚህ ዕድሜዬ ልወልድ ነው፤ ደስ ይበልህ» አለችኝ።

የጡት ልጅ ላደርጋት ነው ማለቷ ነው። በእኛ አገር ደንብ ነው። እናቲቱ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ትነክራለች፣ ልጅየዋ እንደ ጡት ትጠባዋለች፣ ቄስና ጎረቤት ይመሰክራል። ከዚያ ወዲያ የሆድ ልጅና የጡት ልጅ አይለይም፤ ደስታውም ለቅሶውም አንድ ነው። ልጅቱ ከጠጅ ቤት ወጥታ እኛ ቤት ትገባለች፣ የእናቴ ልጅ ተብላ ንስሐ ትገባለች፣ ትቆርባለች። ቤትም ሰውም በአንድ ቀን ታገኛለች። የሚቀረው የእኔ ቃል ነበር። ወንድም የሆነ ሰው ተጠይቆ ካልተቀበለ አይሆንም።

ጫማዬን አስሬ ወደ ወደብ ወጣሁ። እናቴ ዝምታዬን እሺ ብላ ወሰደችው።

ወደብ ላይ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ጆንያ ስሸከም አንዱ ከመርከቡ ላይ ሆኖ «የጠጅ ቤቷ ወንድም፣ ለእኛም አንድ ብርሌ አስጨምርልን» አለ። ሌላው «ያን ቅዳሜ የያዝሃት እህትህን ነበር ወይ?» ብሎ ጨመረ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ልቤ ግን ደነደነ።

ቀኑ የኅዳር ጽዮን ዕለት ሆነ። ማኅበርተኞቹ መጡ፣ ያቺ አፈ ስለታም እንኳ ድፎ ጋግራ መጣች። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ በዚያ ጧት ከጠጅ ቤት ወጥታ፣ እቃዋን በአንዲት ጨርቅ ቋጥራ መጥታለች። እናቴ የፈተለችውን ነጠላ ለብሳለች። ማሩን የሰጠቻት የጠጅ ቤቷ ባለቤት ነበረች፤ ነጭ ማር፣ በትንሽ ገንቦ። ይህን ስታይ ክፉ ሰው አልነበረም በዚያ ታሪክ ውስጥ። ከአንድ ሰው በቀር።

ቄሱ እናቴን ጠየቁ፣ በደስታ ተቀብያለሁ አለች። ልጅቱን ጠየቁ፣ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እናቴ አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረች። ያኔ ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ? እህትህ ልትሆን ነው። ትቀበላታለህ?»

«እኔ እህት የለኝም» አልሁ። «ከጠጅ ቤትም አልለቅምም።»

እንዲህ ብዬ ነው ያልሁት፤ አልጨመርሁበትም፣ አልቀነስሁም። ከውጭ የሐይቁ ሞገድ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማ ነበር። የእናቴ አውራ ጣት እንደ ተነከረ አየር ላይ ቀርቶ፣ ማሩ ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ እኔ አላየችም። ወደ ልጅቱ ዞራ «ምን አደረግሽው ልጄ?» አለቻት።

ሁሉም ልጅቱን አየ። እኔም አየኋት። አሁን ትናገራለች አልሁ። ብትናገር ኖሮ እኔ ነበርሁ ከቤቱ የምወጣው፤ እሷ ትቀር ነበር። እሷም ታውቀዋለች። ዓይኗን ወደ እኔ አነሣች።

«ምንም አላደረግሁትም እማማ። እሱም ምንም አላደረገኝም።»

ሁለተኛዋን ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ቄሱ ተነሡ። ቤት ሳይስማማ ማር አይቀመስም፣ ልብ ሲመለስ እኛም እንመለሳለን አሉ፤ እኔን አልተቆጡኝም። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያጣፉ አንድ በአንድ ወጡ። ድፎው ሳይቆረስ ቀረ። ልጅቱ መስቀል ተሳለመች፣ የእናቴን ጉልበት ሳመች፣ የለበሰችውን ነጠላ አጣጥፋ መደቡ ላይ ትታ በአሮጌዋ ወጣች። እናቴ እጇን በውሃ ታጠበች። ማሩን አልላሰችውም። ታጠበችው።

በማግስቱ መርከብ የሚነሣበት ቀን ነበር። ናፍጣው ይሸታል፣ ውሃው ላይ ጉም ተኝቷል። እቃ እያቀባበልሁ ሳለ ያች ቋጠሮ በእጄ ገባች፤ ቀና ስል እሷ ናት። ሌላ መንገደኛ ከኋላዋ ይገፋል። ወደ የት እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም፤ ያ መርከብ ዘጌም፣ ቁንዝላም፣ ደልጊም፣ ጎርጎራም ይደርሳል። ተመለሺ ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።

«ጉልበታቸውን ማታ ማታ በሞቀ ሰም እሽላቸው» አለችኝ። «ማዘዜ አይደለም። አደራ ነው።»

እኔ ደግሞ «ቋጠሮሽን ከዳር አታድርጊው፣ ይረጥባል» አልኋት። ይህን ነው ያልኋት።

ጉልበቷን አሸሁላት ወይ ብትለኝ፣ አሽቻለሁ፤ ሦስት ቀን። በአራተኛው እናቴ ራሷ እግሯን ሰበሰበች። ተወው፣ ደክሞሃል አለችኝ። ያች ቁጡ ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተቆጣችኝም። ወጥ ብደፋ፣ ሰክሬ ብገባ፣ ሥራ ብቀር፣ ዝም። ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ እንግዳ እንደሚስተናገድ። የምትቆጣ እናት እንዴት ያለ ሀብት እንደሆነች ያጣ ነው የሚያውቀው።

ዓመታት ሄዱ። አገባሁ፣ ወለድሁ። እናቴ በየዓመቱ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዘጌ ትሳለም ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልማድ አልነበራትም። ጀልባው ላይ የማሳፍራት እኔ ነኝ። ጧፍ የሞላ ቅርጫት ይዛ ትሄዳለች፣ ሳምንት ቆይታ ትመለሳለች፤ ስትመለስ ፊቷ ይፈካል። አንድ ጊዜ ከጧፉ ሥር የሕፃን ቀሚስ አየሁ። ለደሃ ልጅ ነው ብዬ አለፍሁት።

እናቴ የሞተችው በዐቢይ ጾም ነው፣ ሳትጮኽ፣ ጧት ላይ። በቀብሩ ማግስት ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ከውጭ የሴት ለቅሶ ተሰማ። «እናቴ» እያለች ነው የምታለቅሰው። አክስት የለኝ፣ እህት የለኝ፤ ማን ናት ብዬ ቀና ስል ገባች። ፀጉሯ ከፊት ሸብቷል፣ ሰውነቷ ሞልቷል፣ አካሄዷ ግን ያው ነው። ሐዘንተኛ ከሚቀመጥበት፣ ከእኔ አጠገብ መጣች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። ከማኅበርተኞቹ ሁለቱ በሕይወት ነበሩ፤ የተናገርሁትን የሰሙ ናቸው። እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ ጠጋ አልሁላት። ተቀመጠች። ሣልስት እስኪወጣ ከዚያ አልተነሣችም።

ስትመለስ ወደ ጀልባው ሸኘኋት። ዘጌ አግብታ እንደምትኖር፣ ሦስት ልጆች እንዳሏት፣ ከባሏ ጋር እንደቆረበች ነገረችኝ። ውሃው ዳር ስንደርስ ቆመች።

«ወንድም ጋሼ» አለችኝ፣ «ሳላመሰግንህ ብሄድ ይከብደኛል። እማማ አታንሺበት ስላሉኝ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልሁት።»

ምኑን አልኋት።

እሷም ነገረችኝ። መርከቡ በሄደ በሦስተኛው ወር፣ ለየካቲት፣ እናቴ ፈልጋ ፈልጋ ዘጌ አገኘቻት። ማር ይዛ ነበር። ልጄ ተጸጽቷል፣ ፈቅዷል፣ እሱ ነው የላከኝ፣ ነገር ግን ዓይን አፋር ነው፣ አታንሺበት አለቻት። የዘጌው ቄስም እንደ ደንቡ ወንድ ልጅሽ ተቀብሏል ወይ ብለው ጠየቋት። እናቴ መስቀሉን ስማ ተቀብሏል አለች። ከዚያ አውራ ጣቷን ነከረች።

«ያን የካቲት እምቢ ብትለኝ ኖሮ» አለችኝ ልጅቱ፣ ልጅቱ እላለሁ፣ ሴትዮዋ፣ «እኔ ወደ ጠጅ ቤቴ ነበር የምመለሰው። እናት የሰጠኸኝ አንተ ነህ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እኔ አልላክሁም። አልተጸጸትሁም ነበር፤ ያኔ አልተጸጸትሁም። እናቴ አንዲት ጧፍ ብትጎድል እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት፣ መስቀል ስማ ዋሸች። የእኔን እምቢታ ከልጅቱ ፊት ለመደበቅ ዋሸች። ኃጢአቱን ተሸክማ፣ በየዓመቱ ደስ ብሏት እየተመለሰች፣ ለእኔ ምሳ እያቀረበችልኝ ኖረች። የያዝሁትን እጅ ታውቅ ኖሮ ይሆን? ልጅቱ እንዳልነገረቻት እርግጠኛ ነኝ። እናት ግን ሳይነገራትም ታውቃለች። ይህን ዛሬም አላውቅም።

ጀልባው ሞተሩን አስነሣ። እውነቱን ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትሁ። ብነግራት እናቴን ውሸታም ላደርጋት ነው፤ ይህ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን ምስጋናው ጣፈጠኝ። ከዚያች ሴት አፍ ወንድም መባል ጣፈጠኝ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብቻ አልኋት፣ ምስጋናውንም ተቀበልሁ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በሚመጣ ሰው ሎሚ ትልክልኝ ነበር፣ ለወንድሜ ስጥልኝ እያለች። ሁለት ጊዜ ዘጌ ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜም ልነግራት ሄጄ፣ በልቼ ጠጥቼ፣ ተመርቄ ተመለስሁ።

እሷም ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። ልጇ በስልክ ነገረችኝ። ሄድሁ። ድንኳኑ በር ላይ ስደርስ ሰው ተነሣልኝ፣ የማላውቃቸው ሽማግሎች ሳይቀሩ። ትልቋ ልጇ ክንዴን ይዛ ከፊት አስቀመጠችኝና ለለቀስተኛው አጎታችን ናቸው አለች፤ እናታችን እናት ያገኘችው በእሳቸው ደግነት ነው እያለች ስታለቅስ፣ ሴቶቹም አብረው አለቀሱ። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እኔ ብቻ ነበርሁ። የምታውቀው ሌላዋ፣ እናቴ፣ ከአፈር በታች ናት።

ትልቋ ልጇ መንገድ ደክሞዎታል ብላ ጫማዬን አወለቀችልኝ። ማስታጠቢያ አመጣች። ተንበርክካ እግሬን ማጠብ ጀመረች፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ተረከዜን፣ ጉልበቴ ድረስ። ተይው ማለት ነበረብኝ።

«አጎቴ፣ ውሃው አላቃጠለዎትም?» አለችኝ ቀና ብላ።

«ደህና ነው ልጄ» አልኋት።